የሃምሳ አለቃ ጣሰው ተማሪ

መኪናዋ ከሃቫና መንገድ ወደ ኮልፋክስ ጎዳና ታጥፋ ፊቷን ወደ ምዕራብ ስታዞር የሚወርደው ገና ዝናብ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ቴሌቪዥኑ ከባድ በረዶ ሊመጣ ነው እያለ ሰዉን ሲያሸብር ሰንብቶ፣ በኦሮራ መደብሮች ዳቦና ውሃ ከመደርደሪያ አልቆ፣ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ የመጣው ግን የሚያስቅ ካፊያ ሆነ። ሮማንም እንደ ሰዉ ሁሉ ስቃበት ነው የወጣችው። ሃይዌይ ላይ መንሸራተት ትፈራለች፤ ስለዚህ ከኦሮራ ተነስቶ ዴንቨርን መሀል ለመሀል ሰንጥቆ ሌክውድ የሚያገባውን ይህን አንድ ጎዳና ይዛ ልትዘልቅ ወሰነች። ዘመኑ ሰው አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ የሚሄድበት ዘመን ነበር፤ ወረርሽኙ በገባ በዓመቱ፣ የሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ዓ.ም. የመጋቢት መጀመሪያ።

ከጎኗ ልጇ ሶልያና የክላርኔቱን ሳጥን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ሳጥኑን ከጥር ወዲህ ከፍታው አታውቅም፤ ዛሬም ይዛው የወጣችው እናቷ "ያዢው" ስላለቻት ብቻ ነው።

"ዲድ ሂ… አ… አ…"

"አዎ፣ ራሳቸው ናቸው አምጪልኝ ያሉት" አለች ሮማን።

ሶልያና አፏን ዘጋች። ሁልጊዜም እንዲህ ነው። ልጅቷ ቃል ስትጀምር አንደበቷ ይያዛል፤ በአማርኛም ይያዛል፣ በእንግሊዝኛም ይያዛል። እናቷ ደግሞ ያ በአየር ላይ የተንጠለጠለ ፊደል ስለሚያስጨንቃት ቀድማ ትጨርስላታለች። ከፍቅር ነው የምታደርገው። ቃሏን ከአፏ እየነጠቀቻት መሆኑ ታይቷት አያውቅም።

ሊጠይቋቸው የሚሄዱት ሰው ሃምሳ አለቃ ጣሰው ይባላሉ። በምድር ጦር የሙዚቃ ክፍል ክላርኔት ሲነፉ የኖሩ፣ ሠራዊቱ በሰማንያ ሦስት ሲበተን መሣሪያቸውን በወታደር ብርድ ልብስ ጠቅልለው ከጦር ሰፈሩ የወጡ ሰው ናቸው። አሜሪካ ያስመጣቻቸው የእህታቸው ልጅ ፀዳል ነች። እዚህ ከመጡም በኋላ ኦሮራ ውስጥ ከቤት ቤት እየዞሩ ሙዚቃ ያስተምሩ ነበር። የሚያስተምሩበት ክፍል የላቸውም፣ የሚከተሉት መጽሐፍም የላቸውም። አንድ ቤት ሲገቡ መጀመሪያ የሚያደርጉት ነገር ቁጭ ብለው ተማሪውን ማየት ነው፤ እንዴት እንደሚተነፍስ፣ እጁን የት እንደሚያሳርፍ፣ ምን እንደሚያሳፍረው። መቀመጥ የማይሆንለትን የሮማንን ጎረቤት ልጅ፣ ቅዱስን፣ ጠረጴዛ እየዞረ እንዲነፋ አደረጉት። ጣቶቹ መሪ ላይ የደነደኑበትን አንድ የታክሲ ሹፌር ደግሞ መሣሪያውን ሳያስነኩ ለወራት በፉጨት ብቻ ቅኝቱን አስጠኑት።

"ለምን ለሁሉም አንድ ዓይነት አያስተምሩም? ይደክሙ የለ?" ብላ ሮማን አንዴ ጠይቃቸው ነበር።

"ጦር ሰፈር የሚመጣልን ጫማ ሁለት ቁጥር ብቻ ነበር፤ ትልቅና ትንሽ" አሏት። "እኔም ለምልምሎቹ ማርሹን እንደ ጫማው ነበር የማድላቸው። ስንቱ ጥሩ ነፊ ሊወጣው የሚችል ልጅ እግሩ ደምቶ እንደቀረብኝ አትጠይቂኝ። አሁን ጊዜ አለኝ። እየለካሁ ነው የምሰፋው።"

ለሶልያና የሰፉላት ልብስ ይሄ ነበር፦ ኖታ አላስጠኗትም። ክላርኔታቸውን አንስተው አንድ አጭር ነገር ይነፋሉ፣ ጥያቄ የሚመስል። ከዚያ ዝም ብለው ይጠብቃሉ። ልጅቷ ትቁነጥነጥ፣ ወለሉን ትይ፣ ሪዱን፣ የክላርኔቱን ስስ ምላስ፣ ታርጥብ፣ ይጠብቃሉ። ወጥ ቤት ሆና የምታዳምጠው ሮማን ያ ዝምታ ድስቷን ያስረሳት ነበር። መጨረሻ ላይ ግን ከልጅቷ ክላርኔት መልስ ይወጣል፤ የማይሰናከል፣ ሙሉ መልስ።

ወረርሽኙ መጥቶ በር ሁሉ ሲዘጋ ሃምሳ አለቃው አልቀሩም። ከሮማን አፓርታማ ሥር፣ መኪና ማቆሚያው ላይ ቆመው፣ ማስካቸውን አገጫቸው ሥር አውርደው ይነፋሉ፤ ሶልያና ከፎቁ መስኮት ትመልሳለች። በዚያ የጸደይ ወራት የዴንቨርና የአካባቢው ሰው ምሽት ላይ በየመስኮቱና በየበረንዳው ወጥቶ እንደ ተኩላ ይጮህ ነበር። ለሐኪሞቹ ምስጋና ነው ይባል ነበር፤ ሲውል ሲያድር ግን ቤት የታፈነው ሁሉ ሆዱን የሚያስተነፍስበት ሆነ። አንድ ቀን ትምህርቱ ረዝሞ ጩኸቱ ደረሰባቸው።

"መልሺላቸው እንጂ!" አሉ ሃምሳ አለቃው ከታች።

ሶልያና ክላርኔቷን ወደ ሰማይ ቀስራ አንድ ረጅም ድምፅ ለቀቀች፤ የሚጮኸው መንደር ጩኸቱን አቁሞ ወደ እሷ ዞረ። ሮማን ልጇ እንዲያ ያለ ድምፅ እንዳላት ያን ቀን ነው ያወቀችው።

ይህን እያወቀች ነው ያደረገችው። አሁን ኮልፋክስ ላይ ዝናቡን እየጠረገች ስትነዳ የሚያንገበግባትም ይኸው ነው።

ነገሩ የመጣው በመከር ነው። በምትሠራበት የአረጋውያን መንከባከቢያ የአንዲት ባልደረባዋ ልጅ ሙዚቃ የሚያስተምር ሃይስኩል ተፈትና ገባች። ሮማን ወሬውን ሰምታ እንቅልፍ አጣች። ወንድሙ የሚባለው ባሏ ትራክ ይዞ ከስቴት ስቴት ስለሚዞር የምታማክረው አልነበረም፤ ለሃምሳ አለቃው ነገረቻቸው።

"ልጅቷ ገና ናት" አሉ። "አንድ ዓመት ስጪኝ። አሁን በማታውቀው ሰው ፊት ቆማ ከነፋች ትዘጋለች። ከተዘጋች ደግሞ ማስከፈቱ ይከብዳል።"

ሮማን ይህን የሽማግሌ ፍርሃት ነው ብላ ወሰደችው። ቶርንተን የሚኖር፣ በሙዚቃ ማስተርሱን የያዘ ኤቢ የሚባል ወጣት አገኘች፤ ትሁት፣ ሰዓት አክባሪ፣ ስንቱን ልጅ ለዚያ ፈተና አዘጋጅቶ ያሳለፈ። ለሃምሳ አለቃው ደወለችና "ሶልያና ትምህርት በዝቶባታል፤ ለጊዜው እናቁመው" አለቻቸው። "ይሁን፣ ሲቀላት ጥሩኝ" አሉ። ለሶልያና ደግሞ ራት እያቀረበች "ጋሼ ጣሰው በሽታውን ፈርተው ማስተማር አቁመዋል" አለቻት። ልጅቷ ሹካዋን አስቀምጣ ደህና ሁኚ ብለዋት እንደሆነ ጠየቀች፤ ጊዜ አላገኙም አለቻት። ሁለት ትንንሽ ውሸቶች ነበሩ፣ በአንድ ምሽት የተባሉ። ሮማን ፈተናው ሲያልፍ ሁሉንም አስታርቃለሁ ብላ ነበር።

ፈተናው በጥር በኮምፒዩተር ነበር። በስክሪኑ ላይ ሦስት ጨዋ ሰዎች ፈገግ ብለው፣ እስኪ ስምሽን ንገሪን አሏት። ሶልያና የስሟን የመጀመሪያ ፊደል ያዘች፤ ፊደሏም እሷን ያዘቻት። ከካሜራው ኋላ ቆማ የነበረችው ሮማን አላስቻላትምና "ሶልያና!" ብላ ጮኸች። ሰዎቹ ሳቁ፣ በክፋት አልነበረም። ልጅቷ ግን ያዘጋጀችውን ግማሹን ነፍታ አቆመች። ክላርኔቱን ፈታታ፣ ጠርጋ፣ ሳጥኑ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ወዲህ ስትጠየቅ በራሷ ትነቀንቃለች እንጂ ቤት ውስጥ ቃል አይሰማባትም ነበር።

ትናንት ኤቢ ራሱ ደወለ። "ሮማን፣ ይቺ ልጅ እኔ ያላስተማርኳት ነገር አላት" አላት። "ከማን እንዳገኘችው አላውቅም። እኔ ለፈተና የሚፈልገውን ልጅ እጠቅማለሁ፤ ለእሷ ግን አልሆንኳትም። ወደ መጀመሪያው አስተማሪዋ መልሻት።"

ሮማን እያፈረች ፀዳል ጋ ደወለች። ሃምሳ አለቃው በጥር መጨረሻ ስትሮክ መቷቸው ኖሯል። ከሆስፒታል ወጥተው ሌክውድ ፀዳል ቤት ናቸው፤ ቀኝ ጎናቸው አይታዘዝላቸውም፣ አፋቸውም ወደ አንድ በኩል ተጎትቷል። "እባክሽ አምጪያት፣ ሁሌ ይጠይቃሉ" አለች ፀዳል። ሮማን መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ስታሰላ ነው የመጣችው፦ እንደገባች ፀዳልን ለብቻዋ ጠርታ፣ ስለዚያ ስልክ ምንም እንዳይነሳ ትለምናታለች።

የካፒቶሉ፣ የስቴቱ ምክር ቤት፣ ወርቃማ ጉልላት ጋ ሲደርሱ ዝናቡ ነጣ፣ በረዶ ሆነ። የፌዴራልን ጎዳና ሲያቋርጡ መኪናው ሁሉ መብራቱን አብርቶ በእግረኛ ፍጥነት ይሳባል፤ የቆመ አውቶቡስ፣ ጎማው የሚሽከረከር ፒክአፕ፣ አካፋ ይዞ የሚሮጥ ሰው። ሌክውድ ሲገቡ የመንገዱ ጠርዝ የት እንደሆነ አይታወቅም ነበር። ፀዳል ነጠላ ጫማ አድርጋ በሩ ላይ ቆማ "በዚህ አየር! እናንተ ሰዎች እብድ ናችሁ እንዴ?" እያለች አስገባቻቸው።

ሮማን እንዳሰበችው ፀዳልን ወደ ጓዳ ልትስባት ክንዷን ያዘች። ግን ሃምሳ አለቃው ሳሎኑ ውስጥ፣ መስኮቱ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ፣ ገና ከበሩ አይተዋቸዋል። ከስተዋል። ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ እንደ ሰው ዕቃ ተቀምጧል። የፊታቸው ግማሽ ሳቀ፣ ግማሹ አልሳቀም።

"መ… መጣሽ" አሉ ለሶልያና።

ሶልያና ኮቷን ሳታወልቅ ፊታቸው ቆመች። ሮማን ጉልበታቸውን ስማ አጠገባቸው ተቀመጠች።

"ት… ት…" አሉ ሃምሳ አለቃው፣ ዓይናቸውን ከልጅቷ ሳይነቅሉ።

"ትልቅ ሆነች አይደል? አደገችብን እኮ!" አለች ሮማን።

ራሳቸውን ነቀነቁ። እሱ አይደለም። "ትም… ም…"

ሮማን ቀደመቻቸው። "ትምህርት ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎ ብቻ ይዳኑልን! ሐኪሞቹ ምን…"

"ማሚ" አለች ሶልያና፣ ሳትዞር። "ስ… ስቶፕ። ይ… ይጨርሱ።"

ከዚያ ወለሉ ላይ በጉልበቷ ወርዳ፣ ፊቷን ከፊታቸው ትይዩ አድርጋ መጠበቅ ጀመረች። አልረዳቻቸውም፣ አላጣደፈቻቸውም፣ በአዘኔታም አላየቻቸውም። በረዶው መስታወቱን ይመታል። ሮማን የሚመጣው ቃል ከሩቅ ይታያታል፤ ልታስቆመው የምትችልበት አፍ ግን አልነበራትም።

"ትምህርቱ… ቀ… ቀለለልሽ?"

ልጅቷ ግንባሯን ቋጠረች። "የ… የትኛው ትምህርት?"

ሃምሳ አለቃው ግራ ተጋብተው ሮማንን አዩዋት። ምንም የማታውቀው ፀዳል ኮቶቹን እየሰቀለች "ያኔ ትምህርት በዝቶባት ነው ያቋረጠችው አላልሽም ነበር እንዴ?" አለች። "እሳቸው እኮ አሁን ይቀላታል፣ አሁን ትደውላለች እያሉ፣ እስኪታመሙ ድረስ ቅዳሜ ሲመጣ ጫማቸውን አድርገው ነበር የሚቀመጡት።"

ሶልያና ቀስ ብላ ወደ እናቷ ዞረች።

"ፈ… ፈር… ፈር…"

ሮማን ቃሉን ታውቀዋለች። ሙሉውን ዓረፍተ ነገር ታውቀዋለች፤ ራሷ ነች የፈጠረችው። በልጅቷ ዕድሜ ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትጨርስላት ቀረች።

"ፈርተው ነው ያ… ያልሽኝ።"

"ሶሊዬ፣ ለአንቺ ብዬ እኮ ነው። እንዳትቀደሚ ብዬ…"

ሃምሳ አለቃው ደህነኛውን ግራ እጃቸውን አነሱ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ቁጣ ቢሆን ይቀላት ነበር። አፋቸው ሲታገል ሁሉም ቆመው ጠበቁ።

"እኔ… እ… እጠብቅ ነበር" አሉ።

በዚያ ሰዓት ወደ ኦሮራ መመለስ አይታሰብም። በረዶው ቅዳሜን ጨርሶ እሑድን ሙሉ ወረደ፤ ኤርፖርቱ ተዘጋ፣ የፀዳል በር ወደ ውጭ አልከፈት አለ፣ የሮማን መኪና ከጎረቤት መኪና ጋር አንድ ጉብታ ሆነች። ሰው ወደ በደለው ሰው ቤት ቢሄድ ይቅርታ ጠይቆ ይወጣል። ሮማን ግን መውጫ አልነበራትም፤ ሶፋ ላይ እያደረች፣ ከሁለቱም ጋር በአንድ ማዕድ የጾም ሽሮ እየበላች፣ ያደረገችውን ፊት ለፊት ስታይ ዋለች።

ሶልያና እሑድ ጠዋት ሳጥኑን ከፈተች። የሃምሳ አለቃው ክፍል በር ተዘጋ። መምህሩ መንፋት አይችሉም፤ ከንፈራቸው አየር ያፈሳል። ስለዚህ እሷ ጥያቄውን ትነፋለች፣ እሳቸው በግራ እጃቸው የወንበሩን ክንድ እየመቱ ይመልሱላታል፣ አንዳንዴም በጉሮሯቸው ያዜሙላታል። አንዱን ጥያቄ ከሌላው የሚለየው ዝምታ ረጅም ነው። ሮማን ዕቃ ስታጥብ ያ ዝምታ እንደ ድሮው አላስጨነቃትም፤ ቅናት ነው ያሳደረባት።

"ምን ነካሽ ግን ሮማን?" አለቻት ፀዳል፣ ሳህን እያደረቀች፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። "እውነቱን ብትነግሪያቸው ይከለክሉሽ ነበር?"

"አይከለክሉኝም ነበር" አለች ሮማን።

"ታዲያ?"

ሮማን ውሃውን ዘጋች።

ከሰዓት በኋላ ሶልያና ከፀዳል ጋር በረዶ ልትጠርግ ስትወጣ ሮማን ገብታ ወንበራቸው ሥር ተንበረከከች። "ሃምሳ አለቃ፣ በድዬዎታለሁ። ይቅር ይበሉኝ።"

"ይ… ይቅር… ብያለሁ" አሉ። ከዚያ በግራ እጃቸው በመስኮቱ በኩል ልጅቷን አሳዩዋት፤ አካፋውን ይዛ ጉልበቷ ድረስ ሰጥማ ቆማለች። "እሷን… ጠ… ጠብቂ።"

"እስከ መቼ?"

ሃምሳ አለቃው ትከሻቸውን ነቀነቁ፤ አንዱ ብቻ ተነቃነቀ።

ሰኞ መንገዱ ተጠረገ። ሶልያና መኪና ውስጥ ስትገባ እጇ ባዶ ነበር።

"ክላርኔቱስ?"

"እ… እዚያ ይቀመጥ።"

ሮማን ልትናገር ከንፈሯን ከፈተች፣ መልሳ ገጠመችው። መኪናዋን ወደ ኦሮራ አዞረች።

ከዚያ በኋላ ሶልያና በየቅዳሜው ብቻዋን በባቡር ሌክውድ መመላለስ ጀመረች። ኦሮራ ትሳፈራለች፣ ዳውንታውን ትቀይራለች። ሮማን አደርስሻለሁ ብትላት "ኖ ታንክስ" ትላለች፣ በትሕትና። ትሕትናዋ ነው የሚከፋው። ልጅቷ እየተከፈተች እንደሆነ ሮማን የምትሰማው ከሌላ ሰው ነው። የትምህርት ቤት መምህሯ ክፍል ውስጥ እጅ አውጥታ መለሰች ብላ ኢሜይል ጻፈች። የሮማን ባል ከኔብራስካ ደውሎ "ዛሬ ግማሽ ሰዓት አወራችኝ እኮ፣ ምን አድርገሽላት ነው?" አላት። ሮማን ምንም አላደረግኩም አለችው። ቤት ውስጥ ግን ልጅቷ የሚያስፈልጋትን ብቻ ትናገራለች፤ ሮማንም ትጠብቃለች። ፊደሉ ሲንጠለጠል ምላሷን ትነክሳለች። መጠበቅን ተምራለች፤ የምትጠብቀው ቃል ግን እምብዛም አይመጣላትም።

በሰኔ አንድ ቅዳሜ አላስቻላትም። ባቡሩን በመኪና ቀድማ ሄዳ ከፀዳል ቤት ማዶ ዛፍ ሥር ፓርክ አደረገች። ሞተሩን አጥፍታ መስታወቷን እስከ ታች አወረደች። ሙቀት ነበርና የቤቱ መስኮት ሁሉ ተዘግቷል፤ አየር ማቀዝቀዣው፣ ኤሲው፣ ያጉረመርማል። ሶልያና ቦርሳዋን አንግታ መጥታ ገባች። ጥቂት ቆይቶ ሁለቱ በመስታወቱ ውስጥ ታዩ። የልጅቷ ትከሻ በትንፋሽ ከፍ አለ፣ ጣቶቿ ክላርኔቱ ላይ ሮጡ፣ ቆሙ። የሽማግሌው ግራ እጅ ተነሳ።

ሮማን ራሷን በመስኮት አውጥታ ጆሮዋን ሰጠች። ከኤሲው ድምፅ ሌላ የሚሰማ አልነበረም። ልጅቷ ክላርኔቱን ከአፏ አውርዳ አንድ ነገር መናገር ጀመረች፣ ረጅም ነገር፣ በእጇ ጭምር እያሳየች፤ መሀል ላይ ተያዘች፣ ሽማግሌው ጠበቁ፣ ቀጠለች፣ ሁለቱም ሳቁ። ሮማን ከከንፈሯ ቃሉን ልታነብ ሞከረች፤ አንዱንም አላወቀችውም።

ትምህርቱ ሳያልቅ፣ ልጅቷ ወጥታ ሳታያት፣ መኪናዋን አስነስታ ኮልፋክስን ይዛ ወደ ኦሮራ ተመለሰች።